የቢሾፍቱ ሐይቆችን የዕለት ሁኔታ መመዘን፦ ከዳርቻ በመንጠቆ ለሚያጠምዱ የተዘጋጀ መመሪያ

ከውኃ ዳር ቆሞ ዓሣ ስለማጥመድ የተጻፉ አብዛኞቹ መመሪያዎች ለባሕር ዳርቻ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። መነሻቸውም ባሕሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት ነው፤ በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ዳርቻ ለቆመ ሰው ይህ ትክክለኛ መነሻ ነው። በአቃቂ፣ በቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በዱከም ለሚኖርና በዕረፍት ቀኑ መንጠቆውን ይዞ ለሚወጣ ሰው ግን የቅርቡ ውኃ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙት የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው። እነዚህ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጎድጓዳ ስፍራዎች ውስጥ የተኙ ትናንሽ ውኃዎች ስለሆኑ የጨረቃ ስበት በዓይን የሚታይ ሙላት አያመጣባቸውም።

ከባሕር መመሪያዎች የሚቀዳው ሌላው ምክር የአየር ግፊት መለኪያን መከታተል ነው። ግፊቱ ሲወርድ ዓሣ ይበላል፣ ሲወጣ ይተኛል ይባላል። ለምድር ወገብ በቀረበው በእኛ አገር ግን የአየር ግፊት በየቀኑ በራሱ ሥርዓት ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ ብሎ፣ ከቀትር በኋላም ሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከቀትር በኋላ በስልክ ላይ «ግፊቱ እየቀነሰ ነው» የሚል ምልክት ማየት የዘወትር ነገር እንጂ የአየር ለውጥ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ጉዞ ማቀድም አያስፈልግም።

በደጋማው አገር ሐይቆች ላይ የዕለቱን ሁኔታ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ያለፈው ሌሊት ቅዝቃዜ፣ ነፋሱ እና ዝናቡ። ከሦስቱ ትልቁ ሌሊቱ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ቀና ብሎ የሚያየው የጠዋቱን ሰማይ ብቻ ነው። ፀሐያማና ጸጥ ያለ ጠዋት አይተው ተደስተው የሚወጡ ሰዎች እስከ ቀትር ድረስ ምንም ሳይነካላቸው የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ውኃውን ይምረጡ

ለጀማሪ ተስማሚዎቹ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ እና ቢሾፍቱ ሐይቅ ናቸው። ሦስቱም ጥልቅ ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት እንዲያውም ከ80 ሜትር በላይ ነው። ጥልቀታቸው ከዚህ በታች በሚብራራው የሌሊት ቅዝቃዜ ጉዳይ ላይ ትልቅ ሚና አለው። ጨለለቃ በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ የሚሸሽ ጥልቀት የሌለው ውኃ ስለሆነ ወፍ ለማየት እንጂ ለመንጠቆ አይመከርም። አረንጓዴ ሐይቅ ደግሞ ሶዳው የበዛ፣ በአልጌ የተሞላ ውኃ ስለሆነ ከምርጫው ውጭ ያድርጉት። የሐይቆቹ ዳርቻ በብዙ ቦታ በሆቴሎችና በግል ይዞታዎች የተያዘ በመሆኑ የት መቆም እንደሚፈቀድ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣለት ሥራ ስለሆነም ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ ጠይቆ መረዳት ተገቢ ነው። ከመስቀል በዓል ቀጥሎ በሚውለው እሑድ ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት ስፍራ ነው፤ በዚያ ሰሞን መንጠቆ ይዞ ወደዚያ መሄድ አይገባም።

ለከተማው ይበልጥ የሚቀርቡ ውኃዎች መኖራቸው እርግጥ ነው። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ግን የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ግድቦች ናቸው፤ ያለ ፈቃድ አይቀረቡም። በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች እንዲሁም ሁለቱ በሚገቡበት በአባ ሳሙኤል ግድብ ማጥመድን በተመለከተ ደግሞ ምንም ዓይነት ማመንታት አያስፈልግም፤ ለመብል አያጥምዱ። ወንዞቹ የከተማዋን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ይዘው ነው የሚወርዱት። በዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚጠራቀም ከባድ ብረት በዓይን አይለይም፣ በማሽተት አይታወቅም፣ በመጥበስም ሆነ በመቀቀል አይወገድም። ቅርብ ነው፣ ትራንስፖርት ያተርፋል በሚል ምክንያት ልጆቻቸውን ከዚያ ውኃ የወጣ ዓሣ የሚያበሉ ወላጆች ይህን በደንብ እንዲያስቡበት ከልብ እጠይቃለሁ።

ራቅ ብሎ ለመሄድ የሚችል ሰው የቆቃን ሐይቅ ሊመርጥ ይችላል። ቆቃ በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራ የጀመረ ግድብ የፈጠረው ሰፊ ውኃ ሲሆን ጠባዩ ከቢሾፍቱ ሐይቆች በእጅጉ ይለያል፤ ውኃው ደፍራሳ ነው፣ መጠኑም በበጋ ወርዶ በክረምት ይሞላል፣ ጉማሬና አዞም ይኖሩበታል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ቆቃ የሚነሳው ልዩነቱን ማሳየት በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ነው።

ከዋዜማው ምሽት ይጀምሩ

ለነገ የሚሰጠው ውሳኔ ዛሬ ማታ ይጀመራል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሐይቁ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። ቀን ላይ ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን ውኃ ነው፤ የሞቀ ውኃ ቀላል ስለሆነ ዘይት ከወጥ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ ከቀዝቃዛው በላይ ተንጣሎ ይቆያል። ኦክሲጅን ያለውም በዚህ የላይኛው ክፍል ነው፤ ከአየሩ ይገባል፣ በውኃው ውስጥ ያለው አልጌም በብርሃን ያመርታል። ታችኛው ጥልቅ ክፍል ግን ብርሃን ስለማይደርሰውና ከላይ የሚወርደው ብስባሽ ያለውን ኦክሲጅን ስለሚጨርሰው ዓሣ ሊኖርበት የማይችል ውኃ ይሆናል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝም በዚያ ይጠራቀማል።

ሰማዩ ጥርት ባለበትና አየሩ ደረቅ በሆነበት ሌሊት የላይኛው ውኃ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታችም ይሰምጣል። ይህ ለአንድ ሌሊት ብቻ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የውርጭ ሳምንታት ግን ቅዝቃዜው በተከታታይ ሌሊቶች ሲደጋገም፣ በተለይም ነፋስ ሲጨመርበት፣ በላይኛውና በታችኛው ውኃ መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋና ሐይቁ ይደባለቃል። ኦክሲጅን የሌለው ውኃ ወደ ላይ ሲወጣ ዓሣው ይታፈናል። በቢሾፍቱ ሐይቆች በዚህ ወቅት ዓሣ በብዛት ሞቶ ዳርቻ ላይ የሚታየው ሁልጊዜ ሰው መርዝ ስለጣለ አይደለም፤ አንዳንዴ ምክንያቱ ይህ የውኃ መደባለቅ ነው። ከፍታውም ነገሩን ያብሳል፤ በ1,900 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ ውኃው ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

ስለዚህ በዋዜማው ምሽት የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ትንበያ ሲከታተሉ የነገውን ከፍተኛ ሙቀት ከማየት ይልቅ የዛሬውን ሌሊት ዝቅተኛ ሙቀትና የደመናውን ሁኔታ ይመልከቱ። ከመተኛትዎ በፊትም ወደ ደጅ ወጥተው ሰማዩን ይዩ። ደመና ከሸፈነው ሙቀቱ ስለሚያዝ ውኃው ብዙ አይቀዘቅዝም፤ ከዋክብት ጥርት ብለው ከታዩና ነፋስ ከሌለ ቀዝቃዛ ሌሊት ይጠብቁ። ያለፉት ሁለትና ሦስት ሌሊቶች እንዴት እንደነበሩም ያስታውሱ፤ የአንድ ሌሊት ብርድ የጉዞውን ሰዓት ያስለውጣል፣ ከሳምንት ያላነሰ ተከታታይ ብርድ ከነነፋሱ ሲመጣ ግን ጉዞውን ራሱን መሰረዝ የተሻለ ነው። ይህ የእኔ የግል ሚዛን ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መዝገብ ሊያስተካክለው ይችላል።

በማለዳ ከቤት ሳይወጡ

ጠዋት ሲነሱ በሣሩና በመኪና መስታወት ላይ ውርጭ መኖሩን ይመልከቱ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ሞቅ ያለ እንደሆነ ይታወቃል፤ በቀን ይህ እውነት ነው። ጸጥ ባለና ጥርት ባለ ሌሊት ግን ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ስለሚጠራቀም፣ በተለይ እንደ ሐይቆቹ ባሉ ጎድጓዳ ስፍራዎች፣ «እዚያ ይሞቃል» ብሎ መተማመን አይበጅም። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከዱከም የረርና ዝቋላ ጥርት ብለው የሚታዩ ከሆነ አየሩ ደረቅ ነው ማለት ነው፤ ገና በማለዳው ጫፋቸው በደመና ከተሸፈነ ግን እርጥበት አለ፣ ከቀትር በኋላም ዝናብ ሊኖር ይችላል። ከጭስ ማውጫዎች የሚወጣውን ጭስም ያስተውሉ፤ ቀጥ ብሎ ከወጣ ነፋስ የለም፣ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ አቅጣጫውን ያስታውሱ።

የመነሻው ሰዓት በወቅቱ ይወሰናል። በበጋ፣ ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ለመድረስ መጣደፍ ትርፍ የለውም። አልጌው ሌሊቱን ሙሉ ኦክሲጅን ሲጠቀም ስለሚያድር ውኃው ውስጥ ኦክሲጅን በጣም የሚያንሰው ልክ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው፤ ውኃው አረንጓዴ በሆነ ቁጥርም እጥረቱ ይብሳል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ መድረስ ይበቃል። በክረምት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በጊዜ ደርሶ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ዕቃን መሰብሰብ ይመከራል፣ ምክንያቱም ነጎድጓዱ የሚመጣው በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ነው።

ዳርቻው ላይ ሲደርሱ

ክርዎን ከመፍታትዎ በፊት ሩብ ሰዓት ለማየት ብቻ ይመድቡ። ይህ ሩብ ሰዓት ከየትኛውም ውድ ዕቃ የበለጠ ይጠቅማል፤ ቅደም ተከተሉም ቢጠበቅ መልካም ነው።

መጀመሪያ ያሽትቱ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለ የታችኛው ውኃ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የዕለቱ ሥራ እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ የውኃውን ገጽ ይመልከቱ። ትናንሽ ዓሦች ወደ ላይ መጥተው አፋቸውን ከፍተው አየር የሚስቡ የሚመስሉ ከሆነ ምግብ ፈልገው ሳይሆን ኦክሲጅን አጥሯቸው ነው። ይህን አይቶ «ዓሣው ሞልቷል» ብሎ መንጠቆ የሚጥል ሰው አለ፤ የታፈነ ዓሣ ግን አይበላም፣ ማስጨነቁም ተገቢ አይደለም። ዓሣው በእርግጥ እየበላ ከሆነ ምልክቱ ሌላ ነው፤ እዚህም እዚያም ድንገተኛ ክብ ሞገድ ይታያል፣ ጭቃው ላይ የአረፋ ሰንሰለት ይወጣል፣ ዓሣ የሚበሉ ወፎችም በአንድ አካባቢ ደጋግመው ይጠልቃሉ።

የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ ካዩ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ከውኃው አውጥተው አይውሰዱ፤ ለመሸጥ የሚሰበስብ ሰው ካጋጠመዎትም አይግዙ። በምን እንደሞተና ከሞተ ስንት ሰዓት እንደሆነው ዳርቻ ላይ ቆሞ ማወቅ አይቻልም። ይልቁንም ለአካባቢው ግብርና ባለሙያዎች ያሳውቁ።

ከዚያ ቀለሙ ይመጣል። ለዚህ ቀላል መሣሪያ በቤትዎ መሥራት ይችላሉ፤ የነጭ ጣሳ ክዳን መሐሉን በስተው በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ባለበት ገመድ ያንጠልጥሉ፣ እንዲሰምጥ ከሥሩ ትንሽ እርሳስ ይሰሩለት። ክዳኑን ጥላ ባለበት ቦታ ወደ ውኃው እያወረዱ ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት ይቁጠሩ። ከግማሽ ሜትር በላይ ወርዶ የሚታይ ከሆነ ዓሣው ክሩንም እርስዎንም ያያል፤ ቀጭን ክር ይጠቀሙ፣ ከዳርቻው ራቅ ብለው ይቁሙ፣ ጥላዎ ውኃው ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ። ከ20 ሳንቲ ሜትር በፊት ከጠፋ ውኃው ደፍርሷል፤ ዓሣው በማየት ሳይሆን በማሽተት ስለሚፈልግ ጠረን ያለው ማጥመጃ ምግብ፣ ለምሳሌ ትል፣ ያስፈልጋል። ድፍርሱ ቡናማ ከሆነ አፈር ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ አልጌ ነው።

አረንጓዴው ተራ አልጌ ሳይሆን በነፋስ ተገፍቶ ዳርቻ ላይ እንደ ቀለም የተጋገረ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከዓሣ ማጥመድ በላይ ነው። እንዲህ ያለው ግግር መርዝ በሚያመነጩ ጥቃቅን ሕዋሳት ሊፈጠር ይችላል፤ በቆቃ ይህ የታወቀ ችግር ነው። መርዙ ውኃው ቢፈላም አይጠፋም። እጅዎን አይንከሩ፣ ከብትም ሆነ ውሻ እንዲጠጣ አይፍቀዱ፣ ከዚያ ስፍራም ዓሣ አይውሰዱ።

በመጨረሻ ሙቀቱን ይለኩ። ማንኛውም ውኃ ውስጥ የሚገባ ቴርሞሜትር በክር ታስሮ አንድ ክንድ ያህል ጥልቀት ላይ ለሁለት ደቂቃ ይቆይና ወዲያው ይነበብ። በሐይቆቹ በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ ሙቀት የሚወድ ዓሣ ነው፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ የመብላት ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ወደ 16 ዲግሪ ሲጠጋም ሊያቆም ይችላል። ጠዋት 19 ዲግሪ ቢያነቡ ተስፋ አይቁረጡ፤ ፀሐይዋ ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ቶሎ ስለምታሞቀው በምሥራቅ በኩል ያለው የጉድጓዱ አፋፍ ጥላ የማይጥልበትን፣ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትን የምዕራብ ዳርቻ ይምረጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለኩ።

ነፋሱንና የሚቆሙበትን ዳርቻ ያዛምዱ

ነፋስ ለዓሣ አጥማጅ ጠላት ነው የሚባለው መወርወርን ስለሚያስቸግር ነው፤ በመጠኑ ሲሆን ግን ትልቅ ረዳት ነው። የውኃውን ገጽ ስለሚያናውጥ ኦክሲጅን ያስገባል፣ ብርሃኑን ስለሚሰብር ዓሣው ሰውን በቀላሉ አያይም፣ የሞቀውን የላይ ውኃና በውስጡ ያለውን አልጌ ደግሞ ወደ አንድ ዳርቻ ይገፋል። ቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ምግቡን ተከትሎ ወደዚያው ይሄዳል። ስለዚህ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ቀላል ነፋስ ለሁለትና ሦስት ሰዓት በአንድ አቅጣጫ ከነፈሰ፣ ምንም እንኳ ነፋሱ ፊት ላይ ቢመጣና ለመቆም ባይመች፣ ነፋሱ ወደሚገፋበት ዳርቻ መሄድ ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። የላይኛው ውኃ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን የታችኛው ቀዝቃዛ ውኃ ተስቦ ወደ ላይ ይወጣል። በሞቃት ወራት ይህ የሙቀት ልዩነት ብቻ ነው። በውርጩ ወራት ግን የሚወጣው ውኃ ኦክሲጅን የጎደለው ሊሆን ስለሚችል ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መቆም ለመወርወር የተመቸ ቢሆንም ዓሣ የሸሸበት ዳርቻ ላይ መቆም ይሆናል። ቴርሞሜትሩ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ በሁለት ተቃራኒ ዳርቻዎች ለክቶ የአንድ ዲግሪ ልዩነት ማግኘት እንኳ ለውሳኔ ይበቃል።

የነፋሱ አቅጣጫ መወሰድ ያለበት ከውኃው ገጽ እንጂ ከአፋፉ ላይ አይደለም። የሐይቆቹ ጎድጓዳ ግድግዳ ነፋሱን ስለሚያዞረው አፋፉ ላይ ዛፍ እያወዛወዘ ታች ያለው ውኃ ጸጥ ሊል ይችላል። አንድ ቅጠል ወይም የደረቀ ሣር ውኃው ላይ ጥለው ወዴት እንደሚሄድ ይዩ። በበጋ ጠዋቱ ጸጥ ብሎ ነፋሱ ከቀትር አካባቢ ጀምሮ እየበረታ መሄዱ የተለመደ ስለሆነ ጠዋት የያዙትን ቦታ ከቀትር በኋላ ለመቀየር ዝግጁ ይሁኑ። የሞገዱ ጫፍ ነጭ አረፋ መያዝ ከጀመረ ግን ነፋሱ ከበቂ በላይ ሆኗል። የመንጠቆው ተንሳፋፊ መነካቱን መለየት አይቻልም፤ ዳርቻውም በእርጥበት ይሙለጨለጫል። የእነዚህ ሐይቆች ዳርቻ ከጥቂት እርምጃ በኋላ በድንገት የሚጠልቅ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ዋና የሚችልም ሰው ቢሆን ብቻውን መሄድ የለበትም፣ ልጆችንም ከውኃው ጠርዝ ማራቅ ይገባል።

በዝናብ ወራት

ዝናብ ራሱ መጥፎ አይደለም። ደመናማ ሌሊት ውኃውን ከብርድ ስለሚጠብቀው ከክረምቱ የሚመጡ ሞቅ ያሉ ማለዳዎች ለማጥመድ ተስማሚ ይሆናሉ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ግን ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ አፈርና ቆሻሻ ይዞ ስለሚገባ ከጎርፉ መግቢያ ራቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። የጉድጓዶቹ ግድግዳ በውኃ ሲርስ ሊናድ ስለሚችል ከገደል ሥር መቆምም ሆነ በጠባብ መንገድ መውረድ አደገኛ ነው።

መብረቅን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው። መብረቁን ካዩበት ጊዜ ጀምሮ ነጎድጓዱን እስኪሰሙ ሰከንዶችን ይቁጠሩና ለሦስት ያካፍሉ፤ ውጤቱ በኪሎ ሜትር ያህል ያለውን ርቀት ይነግርዎታል። ቆጠራው 30 ሳይሞላ ከሰሙ ወዲያው ያቁሙ። ረጅም ዘንግ፣ በተለይ ከካርቦን የተሠራው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ መሬት ላይ አጋድመው ይተዉት። ከዛፍ ሥር አይጠለሉ፤ ጣሪያ ባለው መኪና ወይም በሚገባ በተሠራ ቤት ውስጥ ይግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ውኃው አይመለሱ።

በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ ለምሳሌ በመልካ ቁንጡሬ አካባቢ፣ ለሚያጠምዱ ሰዎች ከራሳቸው በላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይበቃም። ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ የበቾን ሜዳ አቋርጦ ስለሚመጣ እነርሱ በቆሙበት ፀሐይ ሆኖ በላይ በኩል የዘነበው ሊደርስባቸው ይችላል። ውኃው በድንገት ከቀላ፣ ቅርንጫፍና ገለባ ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ ይውጡ። ከቆቃ ግድብ በታችም በክረምቱ ማብቂያ የግድቡ በሮች ሲከፈቱ ወንዙ በፍጥነት ስለሚሞላ በዚያን ጊዜ ወደ ወንዙ ጠርዝ አለመውረድ ነው። በቆቃም ሆነ በአዋሽ ዳር እግርን ነክሮ መቆም ለቢልሃርዚያ ስለሚያጋልጥ ከደረቅ ዳርቻ ማጥመድ ይመረጣል፤ ጉማሬ ለግጦሽ ከሚወጣበት ከምሽት በፊትም ስፍራውን መልቀቅ ያስፈልጋል።

ሁኔታውን ከዓሣው ዓይነት ጋር ያገናኙ

እስካሁን የለኩት ሁሉ ምን እንደሚያጠምዱ ይነግርዎታል። ውኃው ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ፀሐይ ካለና ነጩ ክዳን ደህና ጥልቀት ድረስ ከታየ፣ ቆሮሶን በትንሽ መንጠቆ፣ በሊጥ ወይም በትል፣ በተንሳፋፊ ከገጹ ብዙ ሳይርቁ ይሞክሩ። ውኃው ደፍርሶ ሰማዩ ከከበደ አምባዛ የተሻለ ዕድል አለው፤ አምባዛ በጢሙና በማሽተት የሚያድን፣ ብርሃን ሲቀንስ የሚንቀሳቀስ፣ ከአየርም መተንፈስ የሚችል ዓሣ ስለሆነ ቆሮሶን የሚያዳክም ሁኔታ እሱን እምብዛም አያስጨንቀውም። ትልቅ ቁራጭ ትል ወይም ሥጋ ከእርሳስ ጋር ወለሉ ላይ አሳርፈው ይጠብቁ። በቆቃ የሚገኘው ካርፕም ከወለል የሚለቅም ስለሆነ አያያዙ ተመሳሳይ ነው።

ጥልቀት በሌለው ውኃ ወለል ላይ ክብ ክብ ጎድጓዳ ምልክቶችን ካዩ የቆሮሶ ወንዶች ለመራቢያ ያዘጋጇቸው ጎጆዎች ናቸው። በዚያ ቦታ ብዙ ዓሣ በቀላሉ ስለሚገኝ ፈተናው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሴቷ እንቁላሉንና ጫጩቱን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ስለሆነች አንዷን ማውጣት የብዙ ዓሣ መጥፋት ነው። ከዚያ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ አፏ የተሞላ ዓሣ ከወጣልዎትም እጅዎን አርጥበው በእርጋታ ይመልሷት።

የሚለኩትን ይመዝግቡ

አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ቀኑን፣ የሐይቁን ስም፣ ያለፈው ሌሊት ጥርት ያለ ወይም ደመናማ መሆኑን፣ ሲደርሱ የለኩትን የውኃ ሙቀት፣ ክዳኑ የጠፋበትን ጥልቀት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የቆሙበትን ዳርቻ፣ የመጀመሪያው ዓሣ የነካበትን ሰዓትና ዓይነቱን ይጻፉ። ምንም ያልተያዘበት ቀን ሳይጻፍ መቅረት የለበትም፤ ስለ ሐይቁ ብዙ የሚያስተምሩት እነዚህ ቀኖች ናቸውና። ለምሳሌ በአንድ ነፋስ አቅጣጫ ባቦጋያ ላይ በተደጋጋሚ ባዶ የቀሩበት ዳርቻ በገጾቹ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከመሄድዎ በፊት ሙቀቱን በዚያው ቦታና በዚያው ጥልቀት እንደገና ይለኩ። ከጠዋቱ ጋር ሲያነጻጽሩት ሁለትና ሦስት ዲግሪ ከጨመረ የላይኛው ውኃ ሞቆ በታችኛው ላይ ተንጣሎ ተቀምጧል፤ በማግሥቱም ደመናማ ሌሊት ከተከተለው ሐይቁ በዚያው ጠባይ ሊቆይ ይችላል። ሙሉ ቀን ፀሐይ ውሎ ሙቀቱ ምንም ካልጨመረ ግን ነፋሱ ቀዝቃዛውን ውኃ ከላይኛው ጋር እያደባለቀው ነው፤ ወሩ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ወይም ጥር ከሆነና ማታ ሰማዩ ጥርት ካለ የማግሥቱን ጉዞ ለሌላ ሳምንት ያስተላልፉት።